የእትዬ ፎር ደብተር

የመጽሐፉ ጀርባ ላይ የሰውየው ፎቶ አለ። ከረባት አስሮ፣ አገጩን በሁለት ጣቱ ደግፎ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስብ የኖረ መስሎ ተነስቷል። እኔ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ሰው ወገቡን ሲያስለካ ሆዱን ወደ ውስጥ እንደሚስብ አውቃለሁ፤ ፎቶ ሲነሳም ትንሽ መንጠራራቱን አልነቅፍም። ይህ ሰው ግን የተንጠራራው በእህቴ ትከሻ ላይ ቆሞ ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይፍላ። ሰፈሩ «ክብሪት» ብሎ የሰየመኝ በከንቱ አይደለም።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ «እትዬ» ነው የምላት። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ኮሪደር፣ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለች። ዲግሪ የላትም። ዲፕሎማም የላትም። ያላት የስድስት ወር ኮርስ ጨርሳ የተሰጣት አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ፣ ስመለስባትም ደስ አይለኝም።

ተማሪዎቿ «ቲቸር ፎር» ነው የሚሏት። እንግሊዞች «ፎር» የምትባል አንዲት ቃል አለቻቸው። ሦስት ፊደል ናት። ልጆቹ «ለ» ማለት ናት ብለው ይይዟትና ፈተና ላይ ታዋርዳቸዋለች። እትዬ እንደምትለው፣ ይህች ቃል አንድ ነገር ለማን እንደሆነ ትናገራለች፤ ለምን እንደሆነም ትናገራለች። ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ በምን እንደተለወጠ፣ በማን ፋንታ እንደተሠራ፣ ወዴት እንደተሄደ፣ ሁሉም ቦታ እሷው ናት። «ጠበቅኩህ» ለማለት እንኳ እሷን መሃል ያስገቧታል፤ እኛ ጋ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለም። በዚህች ቃል የተነሳ አእምሮ ያለው ልጅ ደደብ ሲባል ማየት እህቴን ያንገበግባት ነበር። ስለዚህ ያዘቻት፤ እስክትማረክ ድረስ አልለቀቀቻትም።

አሠራሯ ከሌላው አስተማሪ ይለያል። «እገሌ ለእገሊት አበባ ገዛላት» የሚል ምሳሌ አትወድም። እገሌ ማን ነው? አበባውንስ ከየት አባቱ አመጣው? «ያልሆነ ነገር ጭንቅላት ውስጥ አይቀመጥም» ትላለች። ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው ዓረፍተ ነገር ሁሉ በእውነት የሆነ መሆን አለበት፤ ተማሪውም በቤቱ በእውነት የደረሰ አንድ ነገር ይዞ ካልመጣ ቆሞ ይውላል። አንዱ ልጅ አባቱ የእሱን አዲስ ጫማ በሁለት ዶሮ መለወጡን ጽፎ መጣ። ክፍሉ እስኪመረቅ ድረስ «ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?» እያለ ፈጀው፤ ያ ክፍል ግን ቃሏ ለልውውጥም እንደምታገለግል እስኪሞት አይረሳም።

የሆነውን ሁሉ የምታሰፍርበት ደረቅ ልባስ ያለው ወፍራም ደብተር ነበራት፤ በካኪ ወረቀት ሸፍናዋለች። በግራ ገጽ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር፣ በቀኝ ገጽ ቃሏ እዚያ ቦታ ምን እንደምትሠራ በአማርኛ። ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀባት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ እንግሊዝኛ ለእኔ ጉንዳን ወረቀት ላይ ሲሄድ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል ስትጽፍ አያታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደምትጽፍ ጠይቄያት አላውቅም። የትምህርት ነገር መስሎኝ ነበር። የኛ የቤታችን ገመና መሆኑን ማን ነግሮኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንድ ሱፐርቫይዘር መጣ። የክፍሏ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስታስተምር አየ፤ ከዚያ ደብተሩን አገላበጠ። ይሄማ እዚህ ግቢ ውስጥ መቅረት የለበትም፣ አስተይቤ በሳምንቱ እመልሰዋለሁ ብሎ ብብቱ ሥር ሸጎጦት ሄደ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። ሁለት ጊዜ ቢሮው ሄዳ ጠየቀችው። በመጀመሪያው ታይፒስቷ ወልዳ ተኝታለች አላት። በሁለተኛው ዓይኑን በጨው አጥቦ መልሼልዎታለሁ እኮ አላት። ይህን ሁሉ ለእኔ አልነገረችኝም። ብትነግረኝ መቀሴን ይዤ እንደምሄድ ታውቃለች።

እንዴት እንደሰማሁ ልንገራችሁ። የመጨረሻዋ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የምትማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ከትምህርት ስትመለስ ሱቄ ውስጥ፣ የጨርቅ ቁራጭ ክምር ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አንድ ቀን ለሁሉም ትምህርት ቤት የታደለ አዲስ ስስ መጽሐፍ ይዛ መጣች። አስተማሪያቸው ምሳሌዎቹን በቃላችሁ ያዙ ስላላቸው በእንግሊዝኛ እያነበበች ጮክ ብላ በአማርኛ ትደግመዋለች። እኔ የዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ነው።

«እናቴ ቀለበቷን ሰጥታ የስፌት መኪና ገዛች» አለች።

የመኪናውን መዘውር የያዘው እጄ ቆመ። ቀጠለች። አባቴ ለሁለት ወር ብሎ ሄደ፤ እናቴ አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀችው። እኔና እህቴ ለሁለታችን አንድ ጥንድ ጫማ ነበረን፤ እሷ በጠዋቱ ፈረቃ፣ እኔ በከሰዓቱ። ያ ጫማ ለእትዬ ይጠባት ነበር፤ ለእኔ ጋዜጣ ይጎሰጎስበት ነበር። የጋዜጣው ሻካራነት እስካሁን ጣቴ ላይ አለ። ልጄ ቀና ብላ «እማ፣ ይሄ የኛን ቤት ይመስላል» አለችኝ። መጽሐፉን ከእጇ ነጥቄ ገለበጥኩት፤ ባለከረባቱ አገጩን ደግፎ ያየኛል። የሞተች እናቴን ጥበቃ፣ የእኔን ጋዜጣ፣ በአርባ ሺህ ቅጂ አትሞ ስሙን ጽፎበታል።

ሱቁን ለልጄ ትቼ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ወደ እትዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዘበኛው ወዴት ነው ሲለኝ ያልኩትን አልደግመውም። እትዬ ክፍለ ጊዜዋን ጨርሳ፣ እጇ ላይ ያለውን ጠመኔ አራግፋ፣ የመምህራን ክፍል ወሰደችኝና መሳቢያዋን ከፈተች። መጽሐፉ እዚያ አለ። ፈርማ ከተረከበችው አራት ሳምንት ሆኖታል። ከዚህ አስተምሪ ተብላ እያስተማረችበት ነው። የገዛ ደብተሯን፣ የሌላ ሰው ስም ያለበትን!

እንዴት ዝም ትያለሽ አልኳት። ልጆቹ ምን አጠፉ፣ የተጻፈው ለእነሱ ነው አለችኝ። ጡረታ ለመውጣት አምስት ወር ነው የቀራት፤ በሰላም ልውጣ ማለቷ ነበር። እኔ ግን አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፤ የሁለት አስተማሪዎች ሻይ እስኪበርድ ድረስ። በመጨረሻ ማመልከቻ ጻፈች። የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መጽሐፉ ላይ ስሟ እንዲገባና ደብተሯ እንዲመለስላት። ካሣ አላለች፣ ይቀጣልኝ አላለች። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ይዛው የምትወጣው ሌላ ምንም ነገር የላትም።

ጉዳዩን የሚያዩ ሦስት ሰዎች ተመደቡ፦ ርዕሰ መምህሩ፣ የእንግሊዝኛ ክፍሉ ኃላፊና ከጽሕፈት ቤቱ የመጣች የሕግ ባለሙያ። እኔ ምስክር ሆኜ ገባሁ። ሱፐርቫይዘሩ፣ ያው ባለከረባቱ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። እያንዳንዱን ምሳሌ ከገዛ ጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት፣ ይመዝገብልኝ አለ፤ ተመዘገበ። ቀለበት በመኪና መለወጥ፣ አንድ ጫማ ለሁለት ማድረግ፣ በየትኛው ድሃ ቤት የለም አለ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ የሚሉት ይኸው ነው። ከዚያ ወደ ሦስቱ ዞር ብሎ እንዲህ አለ፦

«ዲግሪ ቀርቶ ዲፕሎማ የሌላት ሴት ይህን መጽሐፍ ልትጽፍ ትችላለች? እስቲ ለህሊናችሁ።»

ተነሳሁ፤ ቁጭ በይ አሉኝ። የሕግ ባለሙያዋ ግን ቅን ሰው ትመስላለች፤ እትዬን በእርጋታ ጠየቀቻት። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ምሳሌዎች ከእርስዎ ቤት በቀር ማንም ሊያውቀው የማይችል አንድ ነገር አለ ወይ አለቻት። እትዬ መጽሐፉን አነሳች። ሳትፈልግ አንድ ገጽ ላይ ቀጥ ብላ ከፈተችው። አየችው፤ አንድ ጊዜ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ዘጋችው።

«የለም» አለች።

አንድ ሳምንት ሰጧት፤ ማስረጃ ካልመጣ አቤቱታው ይዘጋል። ቤት እስክንደርስ ድረስ አላፊ አግዳሚው እየዞረ እስኪያየን ጮህኩባት። ሞኝ፣ ፈሪ፣ የሰው መጫወቻ አልኳት። ተይው በቃ፣ ደከመኝ አለችኝ።

እኔ ግን እተዋለሁ? በማግስቱ ሱቄን ገርበብ አድርጌ ልጄን አስቀመጥኳት፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድም ሳትተዪ ተርጉሚልኝ አልኳት። ስልሳ ሦስት ምሳሌ ነው። እኔ እጅጌ እየሰፋሁ እሷ ታነባለች፤ ማስረጃ ያገኘሁ በመሰለኝ ቁጥር በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረሰች።

«አረንጓዴ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤዬን እህቴ ብቻዬን እቀራለሁ ብላ ፈርታ ከስፌት መኪናው ሥር ደበቀችው» አለች ልጄ። ከሥሩ ያለውን ማብራሪያም አነበበችው፦ እዚህ ላይ ቃሏ ምክንያት ትናገራለች፤ ተማሪው ክፋት እንዳይመስለው፣ ፍርሃት ነው። ቀና አለችና «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክር ግዢልኝ ብዬ ላክኋት።

እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናታችን ከሞተች ሦስት ወሯ ነው፤ የአባታችንን ሰምታችኋል። እትዬ ሩቅ ከተማ ያለ የመምህራን ተቋም ለመግባት ተፈትናለች። ፖስተኛው በር ላይ ያገኘው እኔን ነው። ፖስታውን ከፍቼ ገብታለች የሚለውን አነበብኩ፤ ማደሪያም ይሰጣታል ይላል። ስለ እኔ ምንም አይልም። የእናቴን መኪና ጋደል አድርጌ ከብረቱ ሥር፣ ከእንጨት መቀመጫው ውስጥ ሸጎጥኩት። እትዬ ሦስት ጊዜ ፖስታ ቤት ተመላለሰች። ከዚያ አላለፍኩም ማለት ነው አለች። ያቺን የስድስት ወር ኮርስ ወሰደች፣ እኔን አሳደገችኝ፣ ዳረችኝ።

ልቀድደው አልቻልኩም፤ የእሷ ነው። ልሰጣትም አልቻልኩም። አርባ አንድ ዓመት በላዩ ሰፋሁ። ልጆቼ ይሄን ቆርቆሮ ጣይና የኤሌክትሪክ እንግዛልሽ ሲሉኝ የእናቴ ቅርስ ነው እያልኩ ስከራከር ሁሉም አዝነውልኛል። እትዬ በየዓመቱ መጨረሻ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ መጥታ መኪናውን ገልብጣ ዘይት ታጠጣልኛለች። በመጀመሪያው ዓመት ግድግዳ ይዤ ነበር የቆምኩት። አጠጥታ ጨርሳ መኪናውን መለሰችው፤ አላየችውም ብዬ ደመደምኩ።

እና ያ ባለከረባት ዲፕሎማ የሌላት ሴት ሲላት ከወንበሬ የተነሳሁት፣ የተቆጣሁት፣ እኔ ነኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች! ዲፕሎማውን ማን ነፈጋት? እሱ የሰረቀው ደብተር ነው። እኔ የሰረቅኩት ደግሞ ደብተሩ የእሷ ነው ብሎ ሰው እንዲያምናት የሚያደርገውን ወረቀት ነው። እሷ ይህን እያወቀች፣ ገጹን ከፍታ እያየች፣ በእኔ ፊት የለም አለች።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም። የሦስት ልጅ ዩኒፎርም አበላሽቻለሁ።

በቀጠሮው ቀን መኪናውን ከነመቀመጫው ከልጄ ጋር ተሸክመን ገባንና ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጥነው። ልጄን ወደ ትምህርቷ ላክኋት። ሱፐርቫይዘሩ ቢሮው መጠገኛ ሆነ እንዴ ብሎ ቀለደ። ሃያ ሁለተኛውን ገጽ እንዲያነብልኝ ጠየቅኩ፤ አነበበው። ይሄንንስ ከየት አመጣኸው አልኩት። ከጭንቅላቴ አለ። ማኅተሙ ለምን አረንጓዴ ሆነ አልኩት። ምሳሌ እኮ ነው፣ የሆነ ቀለም ያስፈልገዋል አለ። የሕግ ባለሙያዋ ይህንንም መዘገበችው። እትዬ ማዶ ተቀምጣ እጇን እያየች ነው። ተይ የሚል ነገር ፊቷ ላይ አየሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊውን መኪናውን ጋደል ያድርጉት አልኩት። አደረገው። እጁን ሰደደና በዘይት የወየበ፣ ጉድፍ የለበሰ ፖስታ አወጣ። የእህቴን ስም አነበበ፣ ቀኑን አነበበ። ማኅተሙ አረንጓዴ ነው።

«የደበቅኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ከእሷና ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው ምድር ላይ የለም። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የተጻፈችው ሌባ እኔ ነኝ። ዲፕሎማ የላትም ያላችሁትም በእኔ ነው።»

ውሳኔውን አስቀድሜ ነግሬያችሁ ልገላገል። ደብተሩ ከሰውየው ቢሮ ቁም ሳጥን ተገኘ፤ ካኪው ተገፎ፣ ሁለት ገጽ ተቀዶ። ስሟ በሚቀጥለው እትም ይገባል ተባለ። የሚቀጥለው እትም መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አርባ ሺህ ልጅ የእኔን ቤት በእሱ ስም ይሸመድዳል። እሱን ለሥራው ጥቅም ሲባል ሌላ ቢሮ አዛወሩት፤ ሰፋ ያለ መስኮት አለው አሉ። ርዕሰ መምህሩ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አለኝ። በአርባ አንድ ዓመቱ የሚነጋ ንጋት ለማን ነው ብዬ ወጣሁ።

ያን ቀን ግን፣ ከቢሮው ስንወጣ፣ ውሳኔ ገና አልነበረም። እትዬ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል መኪናውን ይዘን ሱቄ ድረስ ሄድን። ፖስታውን ብብቷ ሥር ይዛዋለች። መኪናውን ቦታው አስቀመጥነው፤ የተንሻፈፈውን መዘውር አስተካከለች፣ በጨርቅ ጠረገችው።

«ያወቅኩት በዓመቱ ነው» አለች። «ዘይት ሳጠጣ።»

ለምን አልጠየቅሽኝም አልኳት። እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩሽ ነበር አለችኝ። እኔ እንደለመድኩት አፌ ቀደመኝ፤ ይኸው ተናገርኩ አይደል፣ በሰው ፊት ተዋርጄ ተናገርኩልሽ አልኳት።

በሕይወቴ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም ነበር። ድምጿ ከፍ አላለም፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ሆነ።

«ለደብተሩ ስትይ ተናገርሽ» አለች። «ለእኔ ስትይ አርባ አንድ ዓመት አልተናገርሽም።»

ፖስታውን መኪናው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

እስካሁን እዚያው ነው፤ ሥሩ ሳይሆን ላዩ ላይ። ስሰፋ ወደ ጎን አደርገዋለሁ፣ ስጨርስ እመልሰዋለሁ። እትዬ ጡረታ ወጥታለች። በየሳምንቱ ትመጣለች፣ ልጄን ታስጠናታለች፣ ከእኔም ጋር ስለ ልጆቹና ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራለች። የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ የዘይቱን ዕቃ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አየችው፤ ተመልሳ የልጄ ደብተር ላይ አቀረቀረች። መኪናውን ዘይት ያጠጣሁት እኔ ነኝ።